ሬይኖን ጠይቀው

ካርፕ ቤይ፣ ሰሜን ሚሺጋን
ሴፕቴምበር 27 ቀን 1999

አርቪድ፣

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ። ባለፈው ረጅሙን ጽፌልህ አንተ ዘለኸው ወደ ጠመንጃው ነው የሄድከው። እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴ እንደ ልማዱ ነው፣ ቤትህ ቆሟል፣ ሚስትህ ብሬንዳም በአረጋውያኑ ቤት የሌሊት ፈረቃዋን ትሠራለች። አሁን ወደ ጥያቄህ።

«ምን አገባሽና ነው ብሬንዳን ስለ ጠመንጃዎቼ የምትነዘንዣት?» ብለሃል። ያገባኛላ! ሬይኖ የወንድሜ ልጅ ብቻ አይደለም፣ የትምህርት ቤቴም ተማሪ ነው። ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ፦ የዚያ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ እኔ ነኝ። ሌላ የለም። ልቅሶው፣ ፍቅሩ፣ ጥሉና ኩርፊያው ሁሉ የሚገባው በኔ በር ነው።

በዚህ ወር ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ክፍል ስለ ድብርትና ራስን ስለማጥፋት እንዳስተምር የትምህርት ቤቱ ቦርድ ፈቀደልኝ። ፈቀደልኝ ስልህ ግን ደስ እንዳይልህ። ቃሉን ሰርዘውታል! «ራስን ማጥፋት» የሚለው ወጥቶ «ደስ የማይል ሐሳብ» ተተካ። ደስ የማይል ሐሳብማ እኔ ቦርዱን ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ነው። ለማካካሻ ምን ሰጡኝ መሰለህ? የቢጃማ ቀን። ቢጫ ፊኛ። ፈገግ ያለ ፊት የተሳለበት ኬክ። ርዕሰ መምህሩ ሚስተር ዴልቮ ዳክዬ የታተመበት ቢጃማ ለብሶ ኮሪደሩ ላይ ሲንጎማለል ልጆቹ ሳቁበት፤ እሱ ደግሞ «አየሽ ታሚ፣ ደስ ብሏቸዋል» አለኝ። ኧረ ወዲያ!

እኔ በሩን ዘግቼ ቃሉን እንዳለ ተናገርኩት። ዋናው ያስተማርኳቸው ነገር ይሄ ነው፦ ጓደኛችሁ ካሳሰባችሁ፣ ምስጢር ነው ብሎ ቢያስምላችሁም እንኳ፣ ለምታምኑት አዋቂ ንገሩ። በነጋታው አንድ ተማሪ ቢሮዬ መጥቶ «ሬይኖን እዪው» አለኝ። ማን እንደሆነ አልነግርህም፣ ብትለምነኝም። እዚህ አገር አሳባቂ የሚል ስም የወጣለት ሰው እስከ መቃብሩ ይዞት እንደሚሄድ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሬይኖን ጠርቼ ጠየቅኩት፣ ፊት ለፊት። «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» አልኩት። ሳቀብኝ። «አክስቴ፣ ለክፍሉ ያስተማርሽውን ለኔ ደገምሽልኝ እኮ» አለ። ቀጥሎ «የለም» አለ። ፊቱን ግን አልወደድኩትም። ትምህርት ከተዘጋ ጊዜ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም፣ ከሆኪ ቡድኑ በገዛ ፈቃዱ ወጥቷል፣ ምግብ ቀርቦለት መጉረሱን ይረሳዋል። ብሬንዳም ጠይቃው «ደክሞኝ ነው» ብሏታል። በኔ ልምድ፣ ለአክስት የተባለ «የለም» ከቁጥር አይገባም።

ሁለት ነገር እለምንሃለሁ። መተላለፊያው ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ጠመንጃዎች ለጊዜው ከቤት ይውጡ። ሁለተኛ፣ አንተ ጠይቀው። የሚሰማው አንተን ነው።

እህትህ ታሚ


ሄርማን ዱቪን መርከብ ላይ
ኦክቶበር 6 ቀን 1999

ለታሚ፣ ለታላቅ እህቴና ለአዛዤ፣

ደብዳቤሽ ዲትሮይት ወንዝ ላይ ደረሰኝ። ባልዲውን በገመድ ከፖስታ ጀልባዋ ላይ ስንስበው ፖስተኛው ከታች «ወፍራም ነው! ከሴት ነው!» ብሎ ጮኸ። ከእህቴ ነው ብል ማን ይመነኝ? ይኸው እስከ ዛሬ «ሙሽራው» እያሉ ይጠሩኛል። ያንቺ ጦስ ነው።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ማዕድኑን ስንጭን፣ ስናራግፍ፣ ከነፋሱ ጋር ስንታገል ሰው ብዕር አያነሳም።

አሁን ደግሞ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ፣ ትንሽ ተንፍሺ። ሱ ከተማ ላይ መርከቧ የውሃ በሩን እስክታልፍ ወርጄ ቤት ደወልኩ። ሬይኖ ራሱ አነሳው። ከተወለደ ጀምሮ እንደዚያ ቀን አውርተን አናውቅም። የአጋዘን ማድፈጫ ጎጆውን፣ አዎ፣ አባታችን ከመሞቱ በፊት የሠራለትን፣ ለጓደኛው ለካንጋስ ልጅ ሰጠሁት አለኝ። የሆኪ ጫማውንም ለጎረቤት ልጅ ሰጥቷል። «እኔ ባልኖር እማዬ ውሻዋን ቤት ውስጥ ታስተኛት ይሆን?» ብሎም ጠየቀኝ። ሰው ሆኗል በቃ! ስስት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ድምፁ ራሱ ረጋ ያለ ነበር፣ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ረግቶ አላውቅም። «ሰው ሆነሃል» አልኩት። ደስታዬ ቢበዛ ለወጥ ሠሪው ሳይቀር አወራሁለት።

አንቺ ደግሞ እንዲህ ያለውን ልጅ ቢሮሽ ጠርተሽ ስለ ሞት ትጠይቂዋለሽ። ኧረ ተይ! ያልነበረውን ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ የምትከቺው አንቺ ነሽ። አባታችን ምን ይል ነበር? «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።» እሱም እኔም በዚሁ አድገን ምን ሆንን?

ጠመንጃዎቹ የትም አይሄዱም። ኖቬምበር 15 አደኑ ሲከፈት የአባታችንን ጠመንጃ ለሬይኖ ላወርሰው አስቤያለሁ። እኔ ባልደርስ እንኳ የአደን ካምፑ ጓደኞቼ ይሰጡታል። የደበተው ወንድ ልጅ መድኃኒቱ ጫካ ነው፤ ይሄን ደግሞ የካርፕ ቤይ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

ለብሬንዳ ሰላም በያት፤ ስለ ጠመንጃ ግን ዳግመኛ አትንገሪያት።

አርቪድ


ካርፕ ቤይ
ኦክቶበር 13 ቀን 1999

አርቪድ፣

ማድፈጫውን ሰጠ? ሰጠ ነው ያልከኝ?

አንተ ሰው፣ የት አገር ነው ያደግከው? እዚህ እኮ ሰው ሲፋታ ቤቱን ለሚስቱ ትቶ ማድፈጫውን ይዞ ነው የሚወጣው። አጎታችን በአንዲት ማድፈጫ ምክንያት ከገዛ ወንድሙ ጋር ሳይነጋገር አይደለም ወይ የሞተው? ልጅህ አያቱ የሠራለትን ጎጆ አደኑ ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው ለሰው ሰጠ፤ አንተ ለወጥ ሠሪው አወራህለት!

የሚወዱትን ዕቃ ማከፋፈል። «እኔ ባልኖር» ማለት። ከረጅም ጭንቀት በኋላ ድንገት መረጋጋት። ይሄን ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ገልብጠውታል። አንተ ሁሉንም በአንድ ስልክ ሰምተህ እልል አልክ! እንዲህ ተናድጄ አላውቅም፤ ፈርቼም አላውቅም።

ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ቤትህ ሄጄ ለብሬንዳ ነገርኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ድንች መላጥ ጀመረች፣ ማንም ያላዘዛትን ድንች። ጠመንጃዎቹን አንድ በአንድ አውርጄ መኪናዬ ላይ ስጭን ዘወር ብላ አላየችኝም፤ የመጨረሻውን ይዤ ስወጣ ግን መጥታ በሩን ያዘችልኝ። የት እንዳሉ አልነግርህም። ክስ ካማረህ ለሸሪፉ ደውል፣ ቁልፉ እሱ ኪስ ውስጥ ነው። ዘይት ተቀብተዋል፣ ስለ ዝገት እንዳትጨነቅ። መጨነቅ የሚያምርህ ከሆነ የምትጨነቅበትን ሰጥቼሃለሁ።

ዛሬውኑ ከብሬንዳ ጋር ሬይኖን ይዘነው ማርኬት ከተማ፣ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። ዛሬ ማታ እናቱ ሥራ አትገባም። ለድርጅትህ ቢሮ ደውዬ በሬዲዮ መልእክት እንዲያደርሱህ ለምኛለሁ።

ጭንቅላቱ ውስጥ ትከቺበታለሽ ላልከው መልሴ ይሄው ነው፦ ሆዱን ይዞ የሚንቆራጠጥን ሰው «ቁርጠት ነው ወይ?» ብትለው ቁርጠት አታስይዘውም። እንዲያውም አንድ ሰው አየኝ ይላል። ቦርዱም ያንተኑ ነው የሚለው፤ ብትገናኙ ትስማሙ ነበር።

ደውል። በእግዜር ይዤሃለሁ፣ ደውል።

ታሚ


ሄርማን ዱቪን መርከብ ላይ
ኦክቶበር 20 ቀን 1999

ታሚ፣

መልእክትሽ ደርሶኛል። ካፒቴኑ በሰው ሁሉ ፊት ነው ያነበበልኝ፦ «ሚስተር ሃርዩ፣ እህትህ ጠመንጃዎችህን አስረናቸዋል ትላለች።» እንኳን ደስ ያለሽ። ሰው ሠላሳ ዓመት ውሃ ላይ ሠርቶ ያገኘውን ክብር በአንድ ሬዲዮ ጨረሽልኝ።

የካምፑ ሰዎች ደግሞ «ሬይኖ በምን ሊያድን ነው?» ብለው ጽፈውልኛል። ምን ልበላቸው? ልጄን አክስቱ አሳደደችው ልበላቸው?

ሐኪም ጋ ወሰዳችሁት፣ እሺ። ምን አለ? አለ አይደል፣ የሚጨበጥ ነገር ተናገረ? ካልተናገረ ልጄን በከንቱ በሽተኛ አስብለሽዋል። ከተናገረ ደግሞ ለምን አትነግሪኝም?

ከዱሉዝ ወደብ ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር። ሁለቴም ብሬንዳ «ተኝቷል» አለችኝ። ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው?

አርቪድ


ካርፕ ቤይ
ኦክቶበር 28 ቀን 1999

ወንድሜ፣

ቁጣዬ በርዷል ብዬ አልዋሽህም፤ ግን መጨረሻ ላይ ስለ እንቅልፉ የጠየቅከውን አይቼ ትንሽ ለስላሳ ሆኛለሁ። እንደዚያ ጠይቅ። እንደዚያው ቀጥል።

ምን አለ ላልከው፣ ያለውን ሁሉ እነግርሃለሁ፤ ብዙ አይደለም። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ትዕግሥት ያላት ልጅ። ብቻውን አስቀምጣ ጠየቀችው፣ እሷም ቃሉን ሳትፈራ። ጫማውን እያየ ቆየ። ወዲያው እንደ እኔ ዓይነቱ ሰው «የኔ ልጅ፣ ተናገር እንጂ» ብሎ ያበላሸው ነበር፤ እሷ ጠበቀችው። በመጨረሻ «አባቴ ሲመጣ» አለ። «አባትህ ሲመጣ ምን?» ስትለው ትከሻውን ነቀነቀ። ራሱ ፈቅዶልን ነው የነገረችን።

«የለም» አላለም፣ አርቪድ። ልብ በል። «አባቴ ሲመጣ» ነው ያለው።

ሐኪሟ ከኛ ጋር እቅድ ሠርታለች። ብቻውን አይውልም አያድርም፣ በየሳምንቱ ያያታል፣ ሲብስበት ለማን እንደሚደውል ያውቃል፣ ቤት ውስጥ ሊጎዳው የሚችል ነገር ሁሉ ተቆልፎበታል። ብሬንዳ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ወደ ቀን ፈረቃ ዞራለች። ሌሊቱን በሩ ላይ ወንበር አድርጋ ትቀመጣለች፤ እሱ ቀን የሚተኛው ሌሊቱን ስለማይተኛ ነው፣ እሷ በስልክ ያልነገረችህ ደግሞ ስታወራ ስለምታለቅስ ነው።

የኔን ነገር ለአመል ያህል እንኳ አልጠየቅክም፣ ሳትጠይቀኝም እነግርሃለሁ። ቃሉን ክፍል ውስጥ መናገሬን አንድ ወላጅ ሰምቶ ቦርዱ ጠራኝ። የቦርዱ አባል ሚስስ ፔልቶላ፣ የምታውቃት፣ በአባታችን ቀብር ላይ ያን ሁሉ ኬክ የጋገረችው፣ «ታሚ፣ ልጆቹ ያላሰቡትን ለምን ታሳስቢያቸዋለሽ?» አለችኝ። ጥናት አሳየኋት። ኬክ አቀረበችልኝ። ሌላ ጥናት አሳየኋት። «የወላጆች አስተያየት እስኪሰበሰብ» ተብሎ ትምህርቱ እስከ ፀደይ ታገደ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! የቢጃማው ቀን ግን በየዓመቱ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

ስለዚህ የቀረኝ አንተ ነህ። ከአደኑ መክፈቻ በፊት ና። የዚያን ቀን ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ወንድ የተባለ ሁሉ ጫካ ይገባል፣ በየመኪናው ውስጥ ጠመንጃ አለ። እኔ እያንዳንዱን መኪና መጠበቅ አልችልም።

ስትመጣ «ደህና ነህ አይደል?» ብለህ እንዳትጠይቀው። እንደዚያ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መስማት የሚፈልገው «አዎ ደህና ነኝ»ን ነው፤ ልጅ ደግሞ የአባቱን ፍላጎት ያውቃል። ቃሉን ጥራው። ከዚያ ዝም በል። ዝም ማለቱንማ ታውቅበታለህ፣ እስቲ አንድ ቀን በቦታው ተጠቀምበት።

ታሚ


ሄርማን ዱቪን መርከብ ላይ
ኖቬምበር 5 ቀን 1999

ታሚ፣

ኖቬምበር 12 ሱ ላይ እወርዳለሁ። ብሬንዳ መኪናውን ይዛ ትምጣ፣ ሬይኖንም ታምጣው። ካፒቴኑ «ወቅቱ ሳያልቅ የወረደ ሰው ቦታው አይጠብቀውም» ብሎኛል። አይጠብቀኝ።

ጠመንጃዎቹ እዚያው ይቆዩ። ለካምፑ ሰዎች እኔው ራሴ እጽፍላቸዋለሁ፤ አንቺ እንዳትነግሪያቸው፣ ስታወሪ መጨረሻ የለሽም።

አሁንም ያበሳጨሽኝን ነገር ሁሉ አልረሳሁትም። ግን ያቺ «አባቴ ሲመጣ» ያለው ነገር ሥራ አላሠራኝም። ማታ ማታ ማሽን ክፍል ወርጄ፣ ማንም በማይሰማኝ ቦታ፣ ያንን ቃል በአፌ ልለው ሞከርኩ። የልጄን ስም አስቀድሜ ቃሉን ላስከትል እልና ስሙ ላይ እቆማለሁ። ሰው ይስቅብኛል ብዬ አይደለም፣ ሰውም የለ። አልወጣ አለኝ።

እንዴት ነው አንቺ ለሰው ልጆች ሁሉ እንዲህ እያልሽ የምትውይው?

አርቪድ


ሄርማን ዱቪን መርከብ ላይ
ዲሴምበር 4 ቀን 1999

ታሚዬ፣

አዎ፣ መለሱኝ። የካፒቴኑ ዛቻ የአፍ ነው፤ በረዶው ሲመጣ ሰው አጥተው ራሱ ደወለልኝ። ለገና እገባለሁ።

ስለ አደኑ መክፈቻ ቀን «እሱ አይነግረኝ፣ አንተ አትነግረኝ፣ እኔ ምንድን ነኝ፣ የአውቶቡስ መቆሚያ?» ብለሽ ጽፈሻል። እሺ፣ ተቆጪ፣ መብትሽ ነው። መጀመሪያ እሱን ማስፈቀድ ነበረብኝ። «ለአክስቴ ንገራት፣ ግን ክፍል ውስጥ እንዳታስተምርብኝ» ብሏል።

እንደመጣሁ አልጠየቅኩትም። መኪና ውስጥ ልጠይቀው አስቤ ስለ ጎማው አወራሁ። ሳውና፣ እንፋሎት ቤቱ ውስጥ ልጠይቀው አስቤ የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ጨመርኩ። ሐይቁ ዳር ስንሄድ ልጠይቀው አስቤ ስለ ነፋሱ አቅጣጫ አስረዳሁት። ብሬንዳ በዓይኗ ልትበላኝ ደረሰች።

የመክፈቻው ቀን ገና ሳይነጋ መኪናው ሁሉ ወደ ጫካ ሄደ። ከተማው ጭር ሲል እኔና እሱ ቀረን። ረፋድ ላይ ኤልማ ምግብ ቤት ፓስቲ ልንበላ ገባን። ቤቱ በሴቶች ጢም ብሏል። ሁላቸውም መብላታቸውን አቆሙ። ሁለት ወንድ፣ በአደን መክፈቻ ቀን፣ ቁጭ ብሎ ሥጋና ድንች በሊጥ ይበላል! ኤልማ መጥታ «ታማችኋል እንዴ?» አለችን። ሬይኖ ሳቀ። እኔም ስለሳቀ ደስ ብሎኝ ተጨማሪ ኬቻፕ ጠየቅኩ።

ከዚያ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ወጣኝ። እኔ ድምፄን መመጠን አልችልበትም፣ የነፋስ ሰው ነኝ። መርከብ ላይ እንደሚጮህ ሰው ጮኼ «ሬይኖ፣ ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» አልኩት። ቤቱ በሙሉ ሰማ። ኤልማ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የቦርድሽ ሚስስ ፔልቶላ አጠገባችን ካለው ጠረጴዛ ነበረች፤ ቃሉን ከነሙሉ ድምፁ ሰማች፣ ምንም አልሆነችም። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

እሱ ሴቶቹን አላየም። እኔን ነው ያየኝ። «አዎ» አለ። በላህ ወይ እንደተባለ ሰው፣ እንዲሁ ቀለል አድርጎ።

ከጻፍሽልኝ ምክር ያስታወስኩት አንዱን ብቻ ነው፣ ዝም አልኩ። እሱ አወራ። ፓስቲው ቀዘቀዘ፣ ኤልማ ሳንጠይቃት አሙቃ አመጣችው፣ እንደገና ቀዘቀዘ። ያለውን አልጽፍልሽም፤ የሱ ነው፣ ሐኪሟም ታውቀዋለች። ይሄ ነው የምለው አንድ ምክንያት አላገኘሁበትም። አንድ ምክንያት ቢሆንማ ይዤ እደበድበው ነበር። ሲጨርስ ሚስስ ፔልቶላ ተነስታ በኛ በኩል ስታልፍ እጇን ትከሻው ላይ አሳርፋ ወጣች። ቦርዱ ሲጠራሽ ስሜን ጥሪ። ካስፈለገም ቆሜ እናገራለሁ፣ ድምፄን እሷ ሰምታዋለች።

ወደ ቤት ስንመለስ «ለምን ለአክስትህ የለም አልካት? ለእናትህስ ለምን ደበቅካት?» አልኩት። ተቆጥቼ ነው ታሚ፣ አልዋሽሽም፣ ልክ ባንቺ ቃና። እሱም ተቆጣኝ። መንገድ መሀል ቆሞ «አንተ ለመጠየቅ የምትፈራውን ነገር እኔ እንዴት ብዬ ልናገረው?» አለኝ።

እዚያው መንገዱ ላይ አለቀስኩ። ያየን የለም፣ ወንዱ ሁሉ ጫካ ነበር። ቢያዩኝም ግድ አልነበረኝም።

ዳነ ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። አልዳነም። ሐኪሟ ጊዜ ይፈልጋል ብላለች፣ መድኃኒትም ጀምሯል። ጠዋት መነሳት የሚያቅተው ቀን አለ። መርከቧ ወደብ በነካች ቁጥር ደውዬ ቃሉን ጠርቼ እጠይቀዋለሁ። ቃሉ አሁንም በቀላሉ አይወጣልኝም፣ ቢሆንም እጠይቀዋለሁ። አንዳንዴ «ዛሬ የለም» ይለኛል። አንዳንዴ «ትንሽ» ይለኛል።

ትናንት ከዱሉዝ ደወልኩ። «ዛሬስ?» አልኩት።

«ዛሬ አዎ» አለኝ። «ግን ሳትደውል በፊት ለእማዬ ነግሬያታለሁ። እዚሁ አጠገቤ ናት።»

ወንድምሽ አርቪድ